ጥቂቶቹ አዳኞች፦ የባሕር ሥርዓተ ምኅዳር በማን ይወሰናል?

በባሕር ዳር ዓለት ላይ የሚኖሩ ፍጥረታትን ለማጥናት የተነሣ ሰው በቅድሚያ የሚያደርገው መቁጠር ነው። የትኛው ዝርያ ምን ያህል አለ? የትኛውስ ምን ያህል ቦታ ይዟል? ጠቅላላ ክብደቱ ስንት ነው? ቆጠራው ሲያበቃ በብዛት የተገኘው ዝርያ የአካባቢው ባለቤት፣ አልፎ አልፎ የታየው ደግሞ መንገደኛ መስሎ ይታየናል። ይሁን እንጂ ቆጠራ ማን እንዳለ ከማሳየት አልፎ አንዱ ዝርያ የሌላውን መኖር ምን ያህል እንደሚወስን ሊነግረን አይችልም። ይህን ለማወቅ አንዱን ከቦታው አንሥቶ የሚሆነውን መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነ አዳኝ እንስሳት የአንድን ባሕር ገጽታ እንዴት እንደሚወስኑና ይህም በምን ዘዴ እንደታወቀ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዓለም ለምን አረንጓዴ ሆነ?

በ1960 በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሦስት ሊቃውንት፣ ኔልሰን ሄርስተን፣ ፍሬድሪክ ስሚዝና ሎረንስ ስሎቦድኪን፣ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ሕፃን ሊጠይቀው የሚችል ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በምድር ላይ ያለው ዕፅዋት በነፍሳትና በሣር በል እንስሳት ተበልቶ ለምን አያልቅም የሚል ነው። የምግብ ሰንሰለትን ከታች ወደ ላይ ብቻ የተመለከትን እንደሆነ ፀሐይና አፈር ዕፅዋትን፣ ዕፅዋት ሣር በሎችን፣ ሣር በሎች አዳኞችን ይወስናሉ። ሦስቱ ሊቃውንት ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ተፅዕኖም አለ አሉ፤ ዕፅዋት የሚተርፈው አዳኞች የሣር በሎቹን ቁጥር ዝቅ አድርገው ስለሚይዙ ነው።

ሐሳቡ ብዙ ተቃውሞ ገጠመው። ተቃውሞውም አግባብ ነበረው፤ ዕፅዋት በእሾህና በመርዝ ራሳቸውን ስለሚከላከሉ አረንጓዴ የሆነ ሁሉ የሚበላ አይደለምና። ከዚህም በላይ ሐሳቡ በአመክንዮ የቆመ እንጂ በሙከራ የተፈተነ አልነበረም። አንበሶችን ሁሉ ከአንድ ሜዳ አንሥቶ ውጤቱን መጠበቅ ለተመራማሪ የሚቻል ሥራ አይደለም። የስሚዝ ተማሪ የነበሩት ሮበርት ፔይን (1933–2016) ግን አዳኙ በእጅ የሚነሣበት ቦታ አገኙ።

ከዓለቱ ላይ የተነሡት ኮከቦች

ቦታው በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ማካህ የተባሉት ነባር ሕዝቦች በሚኖሩበት ምድር የሚገኘው የሙካው ባሕረ ሰላጤ ነው። ባሕር ሳያዩ ላደጉ አንባቢያን አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። የውቅያኖስ ውኃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሣ በየዕለቱ ይሞላል፣ ይጎድላልም። በጉድለቱ ሰዓት የሚራቆተው፣ በሙላቱ ሰዓት ደግሞ የሚሸፈነው የዓለት ገጽ ለተመራማሪ እጅግ አመቺ ነው። አብዛኞቹ እንስሳት ከዓለቱ ጋር የተጣበቁ ወይም በዝግታ የሚንቀሳቀሱ ስለሆኑ መርከብና መረብ ሳያስፈልግ ይቆጠራሉ።

በዓለቱ የላይኛው ክፍል ሙስል የሚባለው፣ ሁለት ጥቁር ሰማያዊ ቅርፊቶቹን ገጥሞ የሚዘጋው ለስላሳ አካል ያለው እንስሳ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይታያል። ዝቅ ሲባል ምንጣፉ በድንገት ያበቃና ጠንካራ ነጭ ቅርፊት ያላቸው ባርናክሎች፣ አልጌዎች፣ ስፖንጆች፣ እንዲሁም ሊምፔትና ካይተን የተባሉት ዓለት ላይ እየተሳቡ አልጌ የሚግጡ እንስሳት ተሰባጥረው ይገኛሉ። በመካከላቸውም ወይን ጠጅ ወይም ብርቱካን ቀለም ያለው፣ ብዙውን ጊዜ አምስት ክንዶች ያሉት ፒዛስተር ኦክራሲየስ የተባለ የባሕር ኮከብ አለ። ዝግተኛነቱን ላየ ሰው አዳኝ ለመባል የሚበቃ አይመስልም። ሆኖም በክንዶቹ ሥር በተደረደሩት ጥቃቅን የመምጠጫ እግሮች የሙስሉን ቅርፊት ጎትቶ በመጠኑ ይከፍታል፤ ከዚያም ጨጓራውን በአፉ አውጥቶ በክፍተቱ ያስገባና ምግቡን እዚያው በሙስሉ ቤት ውስጥ ይፈጨዋል።

ፔይን በጁን 1963 ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ያህል ከሆነ የዓለት ገጽ ላይ የባሕር ኮከቦቹን ሁሉ እየፈለቀቁ ወደ ባሕሩ ወረወሩ። አጠገቡ ያለውን ተመሳሳይ ገጽ ለማነጻጸሪያ ሳይነኩ ተዉት። በየጊዜውም እየተመለሱ አዲስ የመጡትን ኮከቦች አነሡ፣ የቀሩትንም ፍጥረታት ቆጠሩ። እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ባርናክሎች ከተጠናው ቦታ ከ60 እስከ 80 ከመቶ የሚሆነውን ይዘው ነበር። በዓመቱ ግን ባርናክሎቹም በተራቸው ፈጥነው በሚያድጉት ሙስሎች ይገፉ ጀመር። የጥናቱ ውጤት በ1966 ሲታተም በመጀመሪያ የነበሩት 15 ዝርያዎች ወደ 8 ወርደዋል። ሙስሎቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ ዓለቱን ጠቅልለው ያዙት። በማነጻጸሪያው ገጽ ላይ ይህን የመሰለ ለውጥ አልታየም።

እዚህ ላይ በክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ። አዳኝ ሲወገድ ታዳኞች ሁሉ ሊበዙ ሲገባ የዝርያዎች ቁጥር እንዴት ቀነሰ? መልሱ በዓለት ላይ ኑሮ እጅግ ውድ የሆነው ነገር ምግብ ሳይሆን ቦታ መሆኑ ነው። ሙስልም ባርናክልም ምግባቸውን ሞገዱ ከሚያመጣው ውኃ እያጠለሉ ይወስዳሉ፤ የሚጣበቁበት ሥፍራ ግን ውስን ነው። በዚህ የቦታ ሽሚያ ሙስል ሁሉንም ያሸንፋል፤ በጠንካራ ክሮቹ ይጣበቃል፣ በሌሎች ላይም ወጥቶ ያድጋል። የባሕር ኮከቡ ደግሞ አሸናፊውን አብልጦ ስለሚበላ በየጊዜው ባዶ ቦታ ይከፍታል፤ ተሸናፊዎቹም በዚያ ይሰፍራሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ከጠፉት መካከል የባሕር ኮከቡ ፈጽሞ የማይበላቸው አልጌዎች ጭምር መኖራቸው ነው። በአልጌውና በኮከቡ መካከል የመብላትና የመበላት ግንኙነት ባይኖርም የአልጌው ሕልውና በኮከቡ ላይ ተመሥርቶ ነበር። የሙስሉ ምንጣፍ ከላይ ጀምሮ በድንገት የሚያበቃበት ምክንያትም በዚሁ ተገለጠ። ኮከቡ ከውኃ ውጭ ብዙ መቆየት ስለማይችል ከላይ ያሉት ሙስሎች ያመልጡታል፤ የምንጣፉ የታችኛው ጠርዝ የአዳኙ መድረሻ ወሰን ነው።

አንድ ሙከራ አንድ ቦታ ብቻ ሲደረግ የአጋጣሚ ጥርጣሬ አይጠፋም። ስለሆነም ፔይን በኒውዚላንድ ጠረፍ ሌላ የባሕር ኮከብና ሌላ የሙስል ዝርያ ባሉበት ዓለት ላይ ሙከራውን ደገሙት፤ የዝርያዎቹም ቁጥር ከ20 ወደ 14 ወረደ።

ስለ ስሙ ጥቂት

በ1969 ፔይን እንዲህ ያለውን ዝርያ ከግንበኞች ቋንቋ በተወሰደ ስም ጠሩት። የጎንደርን አብያተ መንግሥት የጎበኘ አንባቢ በድንጋይ የተሠሩትን ቅስት በሮች ያስታውሳል። እንዲህ ባለ ቅስት አናት መካከል ላይ የሚገባው ድንጋይ የግራና የቀኙን ድንጋዮች ቆልፎ ይይዛቸዋል፤ እርሱ ከወጣ ቅስቱ ይፈርሳል። በአማርኛ አንዳንዶች ስሙን «የማዕዘን ድንጋይ» ብለው ይተረጉሙታል፤ ይህ ግን ትክክል አይመስለኝም፤ የማዕዘን ድንጋይ ከመሠረት የሚጣል፣ ሸክም የሚሸከም ነውና። ፔይን ያሉት ከአናት ስላለውና በመጠኑ ከሌሎቹ ስለማይበልጠው ነው። «ቁልፍ ዝርያ» የሚለው የተሻለ ነው።

ቃሉ በኋላ እጅግ ተወደደ፤ ከመወደዱም የተነሣ ጠቃሚ የተባለ እንስሳ ሁሉ ይጠራበት ጀመር። ለዚህም ነው በ1996 የተወሰኑ ተመራማሪዎች ትርጉሙን ማጥበቅ ግድ የሆነባቸው። በእነርሱ አገላለጽ ቁልፍ ዝርያ የሚባለው ተፅዕኖው ከፍተኛ የሆነና ይህም ተፅዕኖ ከብዛቱ ጋር የማይመጣጠን ዝርያ ነው። ሁለተኛው መስፈርት ዋናው ነው። ሙስል በዓለቱ ላይ ተፅዕኖው ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ብዛቱም ታላቅ ስለሆነ ቁልፍ ዝርያ አይባልም።

ኦተር፣ ጃርትና የባሕር ደን

የባሕር ኮከብ በእጅ ይነሣል፤ ትልልቅ አዳኞችን ግን ተመራማሪ ሳይሆን ታሪክ ነው ያነሣቸው። በቪተስ ቤሪንግ የተመራው የሩሲያ የባሕር ጉዞ በ1741 ወደ አላስካ ደርሶ፣ በሕይወት የተረፉት መርከበኞች በ1742 ሲመለሱ የባሕር ኦተር ቆዳ ይዘው መጡ። የባሕር ኦተር በአገራችን ወንዞችና ሐይቆች ከሚኖሩት ኦተሮች ጋር የሚዛመድ አጥቢ እንስሳ ነው። እንደ ዓሣ ነባሪ ከቆዳው ሥር ወፍራም ስብ ስለሌለው ከቅዝቃዜ የሚከላከለው ከእንስሳት ሁሉ ጥቅጥቅ ባለው ፀጉሩ ነው፤ ሙቀቱንም ለመጠበቅ በየዕለቱ የክብደቱን አንድ አራተኛ ያህል መብላት አለበት። ፀጉሩ ለአዳኝ ነጋዴ አሳልፎ ሰጠው፤ ከ150,000 እስከ 300,000 ይደርስ የነበረው ቁጥሩ በ1911 አደኑ በዓለም አቀፍ ስምምነት ሲታገድ ከ1,000 እስከ 2,000 ብቻ ነበር። የተረፉትም እዚህም እዚያም በተበታተኑ ጥቂት ሥፍራዎች ነበሩ። ስለዚህ ከስድሳ ዓመት በኋላ አንዳንዶቹ ደሴቶች በኦተር ተሞልተው፣ ሌሎቹ ገና ባዶ ሆነው ተገኙ። ማንም ሳያቅደው ሙከራና ማነጻጸሪያ ተዘጋጅቶ ነበር።

ይህን የተጠቀሙበት ጄምስ ኤስቴስ ናቸው። በ1971 በአላስካ የአሊውሺያን ደሴቶች አንዷ በሆነችው በአምቺትካ ሲሠሩ (በዚያው ዓመት አሜሪካ በደሴቲቱ ከመሬት በታች ግዙፍ የኑክሌር ቦምብ ሞክራለች) ሐሳባቸው የባሕሩ ደን ኦተሮቹን እንዴት እንደሚመግብ ማጥናት ነበር። ፔይን ወደ ደሴቲቱ በመጡ ጊዜ ጥያቄውን እንዲገለብጡት መከሯቸው፤ ኦተሮቹ ደኑን ምን ያደርጉታል? ኤስቴስ ከባልደረባቸው ጋር ኦተር ወደሌለባት ወደ ሸምያ ደሴት ሄደው ጠለቁ። በአምቺትካ ኬልፕ የተባለው ግዙፍ ቡናማ አልጌ ከባሕሩ ወለል ተነሥቶ ደን ሠርቷል። በሸምያ ግን ወለሉ በትልልቅ የባሕር ጃርቶች ተሸፍኖ ኬልፕ የለም። የባሕር ጃርት ክብ አካሉ በእሾህ የተሸፈነ፣ ኬልፕን ዓለት ከያዘበት ሥሩ ላይ ቆርጥሞ የሚጥል እንስሳ ነው። ኦተር ባለበት ጃርቶቹ ይበላሉ፣ ደኑ ይቆማል፤ ኦተር በሌለበት ጃርቶቹ ይበዛሉ፣ ደኑ ይወድቃል። ጥናቱ በ1974 ታተመ። ከደኑ ጋር ዓሣውና በዚያ የሚጠለለው ሁሉ እንደሚመጣና እንደሚሄድ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ግን ከመጀመሪያው ግኝት ይበልጥ አስተማሪ ነው። በ1990ዎቹ በአሊውሺያን የኦተሮቹ ቁጥር በየዓመቱ በሩብ ያህል መቀነስ ጀመረ። ረሃብም በሽታም አልነበረም፤ በባሕሩ ዳርም ሬሳ አልተገኘም። ኤስቴስና ባልደረቦቻቸው ኦርካ የተባሉት ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች ቀድሞ ችላ ይሏቸው የነበሩትን ኦተሮች መብላት እንደጀመሩ ተመለከቱ። ይህን ለመፈተን አዳክ በተባለችው ደሴት ሁለት ጎረቤት ቦታዎችን አነጻጸሩ። ኩሉክ የተባለው ባሕረ ሰላጤ ለኦርካ ክፍት ነው፤ ክላም የተባለው ሐይቅ መሰል የባሕር ክፍል ግን መግቢያው ጠባብና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ኦርካ አይገባበትም። በክፍቱ ባሕረ ሰላጤ የኦተሮች ቁጥር በአራት ዓመት ውስጥ 76 ከመቶ ሲቀንስ በተዘጋው ብዙም ሳይለወጥ ቆየ። በ1998 በታተመው ጥናት የተሠራው ስሌት ለዚያ ሁሉ ጥፋት ከአራት ያነሱ ኦርካዎች እንኳ ሊበቁ እንደሚችሉ አሳየ። በአዳክ ከ1987 እስከ 1997 የጃርቶቹ ጠቅላላ ክብደት ስምንት እጥፍ ሲጨምር ኬልፑ በአሥራ ሁለት እጥፍ ሳሳ።

ተማሪው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢያሰላስል መልካም ነው። ሰንሰለቱ ኬልፕ፣ ጃርትና ኦተር ብቻ ሲይዝ ደኑ ይለመልማል። አራተኛ ሆኖ ኦርካ ሲጨመር ደኑ ይጠፋል። በሁለት ደረጃ ብቻ፣ ማለትም ኬልፕና ጃርት ብቻ ሲቀሩም እንዲሁ ደኑ ይጠፋል። ስለዚህ «አዳኝ ለደን ይጠቅማል» ብሎ በጥቅሉ መናገር አይቻልም፤ የሚወስነው አዳኙ ከደኑ በላይ ስንተኛ ደረጃ ላይ መቀመጡ ነው። ኦርካዎቹ ለምን ወደ ኦተር እንደዞሩ ግን ስምምነት የለም። በሃያኛው መቶ ዘመን በተካሄደው የዓሣ ነባሪ አደን ምክንያት የቀድሞ ምግባቸው ስላለቀ ነው የሚል ሐሳብ በ2003 ቀርቦ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል።

ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም

ቁልፍነት ዝርያው ይዞት የሚዞር ማዕረግ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። በ1994 ብሩስ ሜንጅና ባልደረቦቻቸው በኦሪገን ጠረፍ ያንኑ ፒዛስተር በተለያዩ ዓለቶች ላይ ፈተኑት። ሞገድ በሚያይልበት ዓለት ላይ ኮከቡ ፔይን እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። ከሞገድ በተጠለለው ቦታ ግን ተፅዕኖው ደካማ ነበር፤ በአንዳንዱ ሥፍራ ሙስሎቹን ይቀንስ የነበረው አዳኙ ሳይሆን አሸዋ ነበር። አንድ ተማሪ «ፒዛስተር ቁልፍ ዝርያ ነው» ብሎ ሲጽፍ «የት?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ኮከቦቹ ሲያልቁ

በ2013 ከአላስካ እስከ ሜክሲኮ በሚደርሰው ጠረፍ የባሕር ኮከቦች መሞት ጀመሩ። ክንዶቻቸው ይጠማዘዛሉ፣ ይቆስላሉ፣ ከአካላቸው ይለያሉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይበሰብሳሉ። ከ20 በላይ ዝርያዎች ተጎዱ፤ ፒዛስተርም አልቀረም። እጅግ የተጎዳው ግን እስከ 24 ክንዶች ያሉት፣ ወርዱ እስከ 1 ሜትር የሚደርሰውና የባሕር ጃርት የሚበላው የሱፍ አበባ ኮከብ ነው። ከጠቅላላ ቁጥሩ 90 ከመቶ ያህል እንደጠፋ ተገምቷል፤ በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ ዝርያ ብሎ መዘገበው።

ሰሜን ካሊፎርኒያ ላይ ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። በዚያ ጠረፍ ኦተሮች ከቆዳ ንግዱ ወዲህ አልተመለሱም፤ ስለዚህ ጃርቶቹን ይቀንስ የነበረው ይህ ኮከብ ነበር። ከ2014 እስከ 2016 በዘለቀው የባሕር ሙቀት ማዕበል ኬልፑ ተዳከመ፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ጃርቶች በዙ፤ ከደኑም ከ90 ከመቶ በላይ ጠፋ። ከዚህ ምን ያህሉ የሙቀት፣ ምን ያህሉ የአዳኝ መጥፋት ውጤት እንደሆነ መለየት ቀላል አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለመጡ የፔይንን የመሰለ ንጹሕ ማነጻጸሪያ የለም። በዚያ ኬልፕ የሚመገበው አባሎኒ የተባለው ባለ ቅርፊት እንስሳም ተራበ፤ ለመዝናኛ ይደረግ የነበረው የአባሎኒ ለቀማ በ2018 ታገደ።

ኦተር ባለበት በሞንተሬይ አካባቢ የታየው ደግሞ ያልተጠበቀ ነበር። ኦተሮቹ ጃርቶችን አብዝተው በሉ፤ ነገር ግን የበሉት ኬልፕ በቀረበት ቦታ ያሉትንና የጠገቡትን ብቻ ነበር። የባሕር ጃርት ሳይበላ ለዓመታት መቆየት ይችላል፤ በተራቆተው ወለል ላይ ያሉት ጃርቶች ግን ቅርፊታቸው ባዶ ነውና ኦተሩ አይነካቸውም። በመሆኑም ኦተሮቹ የቀሩትን የደን ቁራጮች አቆዩ፤ የጠፋውን ግን አልመለሱም።

የበሽታው ምክንያት ከአሥር ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆይቶ በኦገስት 2025 ታተመ። መንሥኤው ቪብሪዮ ፔክተኒሲዳ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ የኮሌራ ባክቴሪያ ከሚመደብበት ወገን ነው። ይህም በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የፍራይዴይ ሃርበር ቤተ ሙከራ ከ2019 ጀምሮ በማርባት ላይ ለሚገኙት የሱፍ አበባ ኮከቦች ትልቅ ትርጉም አለው፤ ወደ ባሕር ከመለቀቃቸው በፊት ከበሽታው ነጻ መሆናቸውን መመርመር የሚቻልበት መንገድ ተከፍቷልና። በዚያው ቤተ ሙከራ የተደረገና በ2023 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው አንድ የሱፍ አበባ ኮከብ በአማካይ በሦስት ቀን ሁለት ያህል ጃርቶች ይበላል። የተራቡትንና ቅርፊታቸው ባዶ የሆነውን፣ ኦተር የሚንቃቸውን ጃርቶች፣ ከጠገቡት ይልቅ ፈጥኖ ይበላቸዋል።